ሬፈረንስ 5 ሜታ ለምን ሳሎኔ ቀረ?

ውጤቱን ቀድሜ ልናገር። ለሙከራ ቤት ካስገባኋቸው ሦስት ወለል ላይ የሚቆሙ ስፒከሮች ውስጥ ሳሎኔ የቀረው የኬፍ ሬፈረንስ 5 ሜታ ነው። የተመለሱት የቦወርስ ኤንድ ዊልኪንስ 804 ዲ4 እና የፎካል ሶፕራ ቁጥር 2 ናቸው። ሦስቱም ድንቅ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቤቱ ያለ ሰው ቢጠይቀኝ ቀይረው አልለውም። በዚህ ደረጃ መጥፎ ስፒከር ማግኘት ይከብዳል። ጥያቄው ለየትኛው ክፍል፣ ለየትኛው ጆሮ፣ ከየትኛው አምፕሊፋየር ጋር የሚለው ነው።

እኔን የወሰነልኝ ግድግዳው ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ዘፈን ስትሰሙ በመጀመሪያ የሚደርሰው ቀጥታ ከስፒከሩ የሚመጣው ድምፅ ነው። በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ልዩነት ደግሞ ከጎን ግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል ነጥሮ የሚመጣው ይከተላል። ጆሮ ሁለቱን አዋህዶ እንደ አንድ ድምፅ ይቀበላቸዋል። ስለዚህ ስፒከሩ ወደ ጎን የሚረጨው ድምፅ ወደ ፊት ከሚልከው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ የዘፈኑን ቀለም ይቀይረዋል። ከፊት ለፊቱ ሲለካ እንከን የሌለው ስፒከር ቤት ሲገባ የሚያደክም የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው መካከለኛውን ድምፅ በሚያወጣው ሚድሬንጅና ቀጭኑን ድምፅ በሚያወጣው ትዊተር መገናኛ ላይ ነው። አንድ ኮን (እየተንቀሳቀሰ ድምፅ የሚፈጥረው ሾጣጣ) የሚያወጣው ድምፅ የሞገድ ርዝመት ከኮኑ ስፋት ጋር ሲቀራረብ፣ ድምፁ ወደ ጎን መበተኑን ትቶ እንደ ባትሪ ጨረር ወደ ፊት ብቻ ይሰበሰባል። 16 ሳንቲሜትር ተኩል ስፋት ያለው ኮን ከ2 ኪሎሄርዝ ገደማ ጀምሮ መሰብሰብ ይጀምራል። ሥራውን የሚረከበው ትዊተር ግን 2 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ እዚያው ላይ ድምፁን በሰፊው ይረጫል። እናም ጠቦ የነበረው በድንገት ይሰፋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ የሰው ጆሮ እጅግ ንቁ በሆነበት፣ ከ2 እስከ 5 ኪሎሄርዝ ባለው ክልል አካባቢ ነው። የዘፋኝ ድምፅ ግልጽነት፣ የቫዮሊን ጠርዝ፣ የመለከት ንክሻ ሁሉ እዚያ ነው ያለው።

ይህን ነገር በሥርዓት ያጠናው ሰው ፍሎይድ ቱል ይባላል። መጀመሪያ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ በኋላም በሃርማን ኩባንያ ሠርቷል። ሰዎችን ከመጋረጃ ጀርባ ስፒከር እያሰማ የትኛውን እንደሚወዱ ጠየቀ፤ መልሳቸውን ከልኬቶቹ ጋር አስተያየ። የተገኘው ውጤት ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የሚወደው ፊት ለፊቱ ሲለካ ቀጥ ያለ፣ ወደ ጎን ሲለካ ደግሞ ሳይዘል ቀስ እያለ የሚወርድ ስፒከር ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ከሾን ኦሊቭ ጋር ያቀረቡት ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። ሰዎች ስፒከሩን እያዩ ሲሰሙና ሳያዩ ሲሰሙ የሚሰጡት ነጥብ ይለያያል። ትልቅና የሚያምር ዕቃ ሲታይ ነጥቡ ከፍ ይላል። ይህን ካነበብኩ በኋላ የእንጨቱን ቀለም እያየሁ ስለ ድምፅ ላለመወሰን ብዙ እጠነቀቃለሁ።

ከዚህ ምርምር የወጣ የመለኪያ ደረጃ አለ፤ ሲቲኤ 2034 ይባላል። ስፒከሩ በየ10 ዲግሪው እየዞረ፣ ወደ ጎንም ወደ ላይና ወደ ታችም፣ በ70 አቅጣጫ ይለካል። ከዚያ ጥቂት መስመሮች ይወጣሉ። ልትገዙት ያሰባችሁት ስፒከር እንዲህ ያለ ልኬት ካለው ፈልጋችሁ እዩት። ምህንድስና አያስፈልገውም። መስመሮቹ እርስ በርስ ተመሳስለው በአንድነት የሚወርዱ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። የፊት ለፊቱ መስመር ሜዳ ሆኖ የጎኑ ላይ ጉብታ ወይም ጉድጓድ ካለ፣ ያንን ጉብታ ሳሎናችሁ ውስጥ ትሰሙታላችሁ።

አሁን ወደ ስፒከሮቹ ልግባ።

804 ዲ4 ከሦስቱ በጣም የሚያምረው ነው። የቦወርስ ኤንድ ዊልኪንስ ኩባንያ የተመሠረተው በ1966 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። 801 የተባለው ትልቁ ስፒከራቸው በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ለረጅም ዓመታት ሲያገለግል ቆይቷል። ቢጫው የኬቭላር ኮን ለአሥርት ዓመታት መለያቸው ነበር፤ በ2015 በ800 ተከታታይ ውስጥ ኮንቲኑየም በሚሉት ብርማ ኮን ተኩት። ትዊተሩ የአልማዝ ጉልላት ነው። አልማዝ የተመረጠው ለጌጥ አይደለም። ጉልላት በጣም ግትር ካልሆነ ከፍ ባለ ድምፅ ላይ ራሱ ይታጠፍና የራሱን ጩኸት ይጨምራል። የአልማዙ መታጠፊያ ነጥብ ሰው ከሚሰማው 20 ኪሎሄርዝ እጅግ የራቀ ነው።

ቤት ውስጥ ሲጫወት የመጀመሪያው ስሜት "ይህን ድምፅ እስከዛሬ የት ነበር የደበቁት?" የሚያሰኝ ነው። የከበሮ ሰሃኖች አየር አላቸው። የጊታር ተጫዋች ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ለእኔ ጆሮ ግን የላይኛው ድምፅ ትንሽ ጎላ ይልብኛል። ጥሩ ተደርጎ የተቀዳ ሙዚቃ ላይ ይህ ደስታ ነው። የድሮ፣ ቀጭን ሆኖ የተቀዳ ዘፈን ላይ ግን ድምፁን ቀነስ ለማድረግ እጄ ይሄዳል። የእኔ የዘፈን ክምችት ግማሹ የድሮ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አልሆነልኝም። ወፍራም ምንጣፍ፣ ከባድ መጋረጃና በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያ ያለበት ክፍል ውስጥ ቢሆን ፍርዴ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። የእኔ ሳሎን አንድ ጎኑ ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው።

ሶፕራ ቁጥር 2 ፍጹም ሌላ ጠባይ አለው። ፎካልን በ1979 ፈረንሳይ ሴንት ኤቲየን ከተማ ያቋቋመው ዣክ ማኡል ነው። ትዊተራቸው ከሌላው ሰው በተቃራኒ ጉልላቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ሲሆን የሚሠራው ከቤሪሊየም ነው። ቤሪሊየም እጅግ ቀላልና እጅግ ግትር ብረት ነው። እዚህ ላይ ልጆች ላሏችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የቤሪሊየም ብናኝ ለሳንባ መርዝ ነው። ጉልላቱ ደህና ሆኖ እስካለ ምንም ችግር የለውም። ከተሰበረ ግን በእጅ አይነካም፤ ክፍሉ ውስጥ አይጠረግም። ሸፍናችሁ ወዲያው ወኪሉን ጥሩ። ማንኛውም የቤሪሊየም ትዊተር ያለው ስፒከር ላይ የፊት መከላከያውን ባታነሱ እመርጣለሁ።

የሶፕራ ትልቁ ጸጋ ጉልበቱ ነው። በተወሰነ ኃይል የሚያወጣው ድምፅ 91 ዴሲቤል ነው ይላል የልኬት ወረቀቱ፤ ከሦስቱ ከፍተኛው ነው። ከበሮ ሲመታ ደረት ላይ ይሰማል፤ ኦርኬስትራ ከሹክሹክታ ወደ ነጎድጓድ ሲወጣ ስፒከሩ አይጨነቅም፣ አይንጫጫም። ድምፅ ከፍ አድርጎ መስማት የሚወድ ሰው፣ ሰፊ ክፍል ያለው ሰው ከሦስቱ ይህን ያንሳ። 55 ኪሎ የሚመዝነው ይህ ስፒከር የሚነቃው ስታስጮሁት ነው። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቃ የምሰማው ማታ፣ ቤተሰብ ሲተኛ፣ በዝግታ ነው።

ሬፈረንስ 5 ሜታ ሲመጣ ያየሁት ነገር ቢኖር ምንም የሚያስደንቅ ነገር አለመኖሩ ነው። ይህን የምለው በምስጋና ነው። ለመግቢያ ያህል አንድ ዘፈን ከፈትኩና ስለ ትዊተሩም ስለ ባሱም ማሰብ ረሳሁ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና "እንግዳ መጣ እንዴ?" አለችኝ። አንድ ሰው ብቻውን የሚተርክበት ቅጂ ነበር የከፈትኩት። ሌሎቹ ሁለቱ ሲጫወቱ እንዲህ ብላ አታውቅም። ድምፁ በበሩ ዞሮ፣ በኮሪደሩ አልፎ፣ ተንጋዶና ተንጸባርቆ እንኳ የሰው ድምፅ ሆኖ ደረሳት። ስፒከሩ ወደ ጎን የሚረጨው ድምፅ የተስተካከለ መሆኑን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ምክንያቱ ኩባንያው ዩኒ ኪው የሚለው አሠራር ነው። ኬፍን በ1961 እንግሊዝ ሜድስተን ውስጥ ያቋቋመው ሬይመንድ ኩክ ነው። ዩኒ ኪው የወጣው በ1988 ነው። ትዊተሩ ከሚድሬንጁ በላይ ለብቻው አይቀመጥም፤ ኮኑ መሃል ይገባል። በዚያ ቦታ ላይ ኮኑ ራሱ ለትዊተሩ ጎን ግድግዳ ይሆንለትና ስርጭቱን ይቆጣጠረዋል። ስለዚህ መገናኛው ላይ ያ ድንገተኛ መስፋት አይከሰትም። ሁለቱም ድምፆች ከአንድ ነጥብ ስለሚወጡ ደግሞ ብትነሱም ብትቀመጡም ሚዛኑ አይዛባም። ሐሳቡ የኬፍ ብቻ አይደለም። ታኖይ ሁለቱን በአንድ ማዕከል መሥራት የጀመረው በ1947 ነው። ኬፍ ግን ለዓመታት ሳይሰለች አሻሽሎታል።

"ሜታ" የሚለው ቅጥያ ከትዊተሩ ጀርባ ያለውን ዲስክ ነው የሚያመለክተው። ትዊተር ወደ ፊት እንደሚጮህ ሁሉ ወደ ኋላም ይጮሃል። ያ የኋላ ድምፅ ተመልሶ በጉልላቱ በኩል ከወጣ ያቆሽሻል። ዲስኩ መውጫው እንደማይታወቅ መንገድ የተጠማዘዙ ቀጫጭን ቦዮች አሉት፤ እያንዳንዱ ቦይ የራሱን ፍሪኩዌንሲ ይውጣል። ኩባንያው የኋላውን ድምፅ 99 በመቶ ይውጣል ይላል። በ2020 በትንሹ ኤልኤስ 50 ሜታ ላይ ነው መጀመሪያ የወጣው። የቀድሞውን ሬፈረንስ 5 ሌላ ቦታ ሰምቼዋለሁ፤ የአሁኑ ላይ የ"ስ" እና የ"ሽ" ድምፅ ይበልጥ ንጹሕ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከዩኒ ኪው በላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፣ በድምሩ አራት 16 ሳንቲሜትር ተኩል ዉፈሮች (የባስ ኮኖች) አሉት። አቀማመጡ የተመጣጠነ ስለሆነ ባሱም ከመሃል የሚመጣ ይመስላል። አራት መሆናቸው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሥራውን ስለሚካፈሉ እያንዳንዱ ብዙ መንቀሳቀስ አያስፈልገውም። ብዙ ያልተንቀሳቀሰ ኮን ብዙ አያዛባም።

ባስ ላይ ግን ማንኛውም ስፒከር ለክፍሉ ይገዛል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሳሎኔ 6 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ተኩል ወርድ አለው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 343ን ለርዝመቱ እጥፍ ለ12 ስታካፍሉት 29 ሄርዝ ገደማ ይመጣል። ለወርዱ እጥፍ ለ9 ስታካፍሉት 38 ይመጣል። እነዚህ ክፍሉ ራሱ ይዞ የሚያስተጋባቸው ድምፆች ናቸው። የ29ኙ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም እጥፉ፣ ደግሞ 57 ላይ ይወድቃል። አሁን ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር አስቡ። ክሮቹ ጣት ሳይጫናቸው ሲመቱ 41፣ 55፣ 73 እና 98 ሄርዝ ይሰጣሉ። 41 ከ38 አጠገብ ነው። 55 ከ57 አጠገብ ነው። ስለዚህ እኔ ቤት ሁለቱ ወፍራም ክሮች ያብጣሉ። ተጫዋቹ እኩል መትቶ ሳለ እኔ እኩል አልሰማም። የየትኛውንም ብራንድ ስፒከር ባስገባ ይህ አይቀርም።

የእናንተንም ክፍል እንዲሁ አስሉት። ሜትርና ካልኩሌተር ይበቃል። ክፍሉ ትንሽ ከሆነ፣ በተለይም ርዝመቱና ወርዱ እኩል ከሆነ፣ እስከ 25 ሄርዝ የሚወርድ ግዙፍ ስፒከር ማስገባት ችግሩን ማባባስ ነው። በዚያ ክፍል ከዚያው ተከታታይ ትንሹን ሞዴል መግዛት የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። ሻጮች ይህን አይነግሯችሁም።

የመቀመጫችሁ ቦታም ይቆጠራል። ሶፋችሁ ከኋላ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ባሱ በጣም ይበዛል፤ ክፍሉ የሚያስተጋባው ባስ ግድግዳ ላይ ነው የሚከማቸው። ልክ መሃል ላይ ከተቀመጣችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ ድምፅ ከናካቴው ሊጠፋ ይችላል። እኔ ሶፋውን ከኋላ ግድግዳ ወደ ፊት አንድ ሜትር ከምናምን ስስበው ያመጣው ለውጥ ስፒከር ከመቀየር አይተናነስም።

ስፒከሩና ከጀርባው ያለው ግድግዳም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ስፒከሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ሲርቅ፣ ወደ ኋላ የሄደው ባስ ነጥሮ ሲመለስ 2 ሜትር ተጉዟል። ያ ርቀት ለ86 ሄርዝ ግማሽ ሞገድ ነው። ስለዚህ 86 ላይ ሁለቱ ይጣፋሉ። 60 ሳንቲሜትር ካደረጋችሁት ጉድጓዱ ወደ 143 ይወጣል። ጉድጓዱ ከነጭራሹ አይጠፋም፤ የት እንዲወድቅ ግን ትመርጣላችሁ። ስሌቱ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ውሳኔ ስላልሆነ ስፒከሩን አሥር አሥር ሳንቲሜትር እየገፋሁ ነው ቦታውን ያገኘሁት።

ሬፈረንስ 5 ሜታ እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር አለው። የባስ ቀዳዳው ቱቦ ይቀየራል፤ አጭርና ረጅም ቱቦ አብሮት ይመጣል። ረጅሙ የቀዳዳውን ፍሪኩዌንሲ ወደ ታች ስለሚያወርደው ከ40 እስከ 60 ሄርዝ ያለው እብጠት ቀለል ይላል። ለእኔ ሳሎን የሚያስፈልገው ልክ ያ ነበር። ረጅሙን አስገባሁ፤ ባሱ ቅርጽ ያዘ። 804 ዲ4 ቀዳዳው ወደ ወለል ስለሚያይ ለግድግዳ ብዙም አይጨነቅም፤ ያም ብልህ መፍትሔ ነው።

መለኪያ ማይክሮፎን መግዛት የሚችል ሰው ይግዛ። ዩሚክ 1 የሚባለው ትንሽ ማይክሮፎን በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ሶፍትዌር ደግሞ ነፃ ነው። ሁለቱ ከማንኛውም ውድ ገመድ የበለጠ ይረዳሉ። ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን እብጠት በዲጂታል ማስተካከያ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ እኔም የ38ቱን እንዲሁ ቀንሻለሁ። ጉድጓድን ግን በጉልበት ለመሙላት አትሞክሩ፤ አምፕሊፋየሩን ታደክማላችሁ እንጂ አይሞላም። ከዚያ በላይ ያለውን ድምፅ ጥሩ ስፒከር ላይ ባትነካኩት ይሻላል።

ስለ አምፕሊፋየር። የወረቀቱ ቁጥር ያታልላል። ሬፈረንስ 5 ሜታ 88 ዴሲቤል ይላል፤ መለኪያው 2.83 ቮልት ነው። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም መለኪያ ነው። ይህ ቮልት 8 ኦም ላይ 1 ዋት ነው፤ 4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ነው። ይህ ስፒከር ደግሞ 4 ኦም ነው። ስለዚህ በ1 ዋት ሲታሰብ 85 ነው ማለት ነው። ሌሎቹም ከዚህ አያመልጡም። 804 ዲ4 በወረቀት 8 ኦም ቢባልም ዝቅተኛው 3 ኦም ነው፤ ሶፕራ ቁጥር 2 ወደ 3.1 ይወርዳል። ዝቅተኛውን ቁጥር ፈልጋችሁ አንብቡ፤ አምፕሊፋየራችሁን የሚፈትነው እሱ ነው።

ምን ያህል ዋት ያስፈልጋል? እኔ 3 ሜትር ርቄ እቀመጣለሁ። ጮክ ብሎ ሲጫወት አማካዩ 80 ዴሲቤል ቢሆን፣ በደንብ የተቀዳ ሙዚቃ ላይ ጫፉ 20 ዴሲቤል ከዚያ ይበልጣል። የርቀቱን ኪሳራና የሁለት ስፒከሮችን ድምር ሳስብ፣ እያንዳንዱ ስፒከር ለጫፉ ወደ 70 ዋት ይፈልጋል። ለአማካዩ ግን ከ1 ዋት በታች ይበቃዋል። 20 ዴሲቤል መቶ እጥፍ ነውና። ስለዚህ አምፕሊፋየር ስትመርጡ ኃይሉ 4 ኦም ላይ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ከ8 ኦሙ ወደ እጥፍ ከተጠጋ ጎበዝ ነው። ቀልጣፋ ያልሆነ ስፒከርን በደካማ አምፕሊፋየር የሚነዳ ሰው የስፒከሩን እውነተኛ ድምፅ ሳይሰማ ይሸጠዋል። በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ "ባስ የለውም" ተብለው የሚሸጡ ጥሩ ስፒከሮች ብዙ ናቸው።

አሁን ስለ መስማት። አንድ ሱቅ ውስጥ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ሻጩ ከርካሹ ወደ ውዱ ሲያሻግር በጣቱ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያደርግ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ልብ ካላሉት የማይታወቅ ነው። የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። አንድ ዴሲቤል እንኳ ፍርድ ያዛባል። ስለዚህ ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን አስተካክሉ። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን እንደ ፏፏቴ ያለ የሙከራ ድምፅ አጫውቱና ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ በስልክ መተግበሪያ ለኩ። የስልኩ ቁጥር ትክክል ባይሆን እንኳ ለማወዳደር ይበቃል።

ቀጥሎ አንዱን ስፒከር አጥፉና በሞኖ ስሙ። ስቴሪዮ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፤ የቱል ጥናትም ሰዎች ስፒከርን በሞኖ ሲሰሙ ልዩነቱን በደንብ እንደሚለዩ አሳይቷል። ሞኖ ላይ ጥሩ የሆነ ስፒከር ስቴሪዮ ላይ አያሳፍርም።

ምን ልስማ ለሚል፣ ከሙዚቃ በፊት ንግግር ስሙ። የሰው ድምፅ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ስለሆነ ጆሮ አይሸወድም። አማርኛ ደግሞ ለዚህ የታደለ ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ ፈንድተው የሚወጡ፣ አጭርና ደረቅ ድምፆች ናቸው። ጥሩ ስፒከር ላይ "ጸ" ቆርጦ ይወጣና ወዲያው ይቆማል። ዘገምተኛ ስፒከር ላይ ጅራት ያበቅላል። "ሰ" ሲያፏጭ ከሰማችሁ ከ5 እስከ 8 ኪሎሄርዝ አካባቢ ትርፍ አለ። የወንድ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚመጣ ከመሰለ ደግሞ ካቢኔው ወይም ክፍሉ ከ100 እስከ 200 ሄርዝ ላይ እያገዘው ነው። ዜና የሚያነብ ሰው፣ ትረካ የሚተርክ ሰው፣ የምታውቁት ሰው ድምፅ ቢሆን ደግሞ እጅግ ይመረጣል።

ከንግግር ቀጥሎ ብቸኛ ፒያኖ እወዳለሁ። ከ27.5 ሄርዝ ጀምሮ እስከ 4 ሺህ የሚደርስ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲጫወት አንዱ ቁልፍ ከሌላው ጎልቶ ቢሰማ ወይ ክፍሉ ወይ ክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለየኮኖቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ነው። ጭብጨባም ጠቃሚ ነው። ብዙ ሰው ሲያጨበጭብ እጆቹ ለየብቻ ይሰማሉ? ወይስ ዝናብ ይመስላሉ? ሬፈረንስ 5 ሜታ እጆቹን ይለያያቸዋል፤ 804 ዲ4 ደግሞ ይበልጥ ይለያያቸዋል። እዚህ ላይ ለ804 ዲ4 ድሉን እሰጣለሁ።

አደራ፣ የማትወዱትን የማሳያ ዘፈን አትስሙ። ሱቆች የሚያጫውቷቸው ቅጂዎች በማንኛውም ስፒከር ላይ የሚያምሩ ናቸው። የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ በደንብ ያልተቀዳ ግን የምትወዱት ዘፈን ይኑርበት። በየቀኑ አብራችሁ የምትኖሩት እሱ ነው።

ስለ ገመድ አጭር ቃል። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ለሳሎን ርቀት ይበቃል። የተረፈውን ገንዘብ ለምንጣፍና ለመጋረጃ አውሉት። ስፒከሩ እስኪለማመድ ወራት ይፈጃል የሚባለውንም እንደ ዋስትና አትቀበሉ። የኮኑ ጠርዝ ትንሽ ይለሰልሳል፤ የበለጠ የሚለማመደው ግን ጆሮ ነው። ዛሬ የማይመቻችሁን ስፒከር ነገ ይሻሻላል ብላችሁ አትግዙ።

ሬፈረንስ 5 ሜታ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ከፍታው 1 ሜትር ከ40 ይጠጋል፤ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰው የቆመ ያህል ቦታ ይይዛል። ባለቤቴ ድምፁን ብትወደውም ቁመቱን አልለመደችውም፤ ትክክል ነች። ሌላው ደግሞ የሚያስደምም ስፒከር ለሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ላያሸንፍ ይችላል። ሶፕራና 804 ዲ4 ወዲያው ልብ ይሰርቃሉ። ይሄኛው ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል። ለአጭር ጊዜ ሱቅ ውስጥ አወዳድራችሁ የምትወስኑ ከሆነ ልታልፉት ትችላላችሁ። ቢቻል ሁሉንም ቤት ወስዳችሁ ሞክሩ፤ ለሙከራ የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ ቢያንስ የመመለሻ ቀን በጽሑፍ ያዙ።

ክፍላችሁ 3 በ4 ሜትር ገደማ ከሆነ ከሦስቱ አንዱንም አልመክርም። ከኬፍ ከሆነ አር ተከታታዩን ወይም መቆሚያ ላይ የሚቀመጠውን ሬፈረንስ 1 ሜታን ስሙ፤ ዩኒ ኪው ሁሉም ላይ አለ። አር ተከታታዩ የባስ ቀዳዳውን የሚደፍን ስፖንጅ ይዞ ይመጣል፤ ግድግዳ አጠገብ ለሚያስቀምጥ ሰው ይጠቅማል። ሰፊ ሳሎን ያለው፣ ጮክ ብሎ የሚሰማ ሰው ሶፕራን ይውሰድ። ለስላሳ ዕቃ የበዛበት ክፍል ያለውና አዳዲስ ቅጂዎችን የሚሰማ ሰው 804 ዲ4ን ሳይሰማ አይወስን።

የመጨረሻ ማሳሰቢያ ስለ ማጓጓዝ ነው። ሬፈረንስ 5 ሜታ እያንዳንዱ 60 ኪሎ ነው። ከካርቶኑ ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሦስት ቢሆን ይሻላል። የሚያነሳው ሰው ኮኖቹን እንዳይነካ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ዩኒ ኪው መሃሉ ላይ አንድ ጣት ካረፈ ጠገናው ቀላል አይደለም። እግሮቹን ከመግጠማችሁ በፊት ቦታውን ወስኑ። ካርቶኑንና ስፖንጁን አትጣሉ፤ ቤት ብትቀይሩ ወይም ልትሸጡት ብታስቡ ያለ እሱ ስፒከሩን ማንቀሳቀስ አይቻልም።